ፍየሏ የሌለችበት ሥዕል

ውድ አክስቴ ሉዲቪና፣

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ቁጭ ስል እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ይንቋቋል፣ ጠረጴዛው ሲንቋቋ ደግሞ እናትሽ ሎላ ኩሪንግ ከጓዳ ሆነው «ሪያሊን! ምን እየሠራሽ ነው?» ይላሉ። የምሠራውን ደግሞ እንዲያውቁ አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ የአሳታሚ ድርጅቱ ሰው ከማኒላ በጀልባ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ የተቀደደ ካልሲውን በሌላኛው እግሩ እየሸፈነ የአባትሽን የሎሎን ሥዕሎች አንድ በአንድ ተመለከተ። የ«ቡዲንግና ፍየሏ» ዘጠነኛው የልጆች መጽሐፍ፣ የመጨረሻው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ታውቂዋለሽ፤ የተከፈተ የጓዳ በር፣ ደጃፉ ላይ የወደቀ የፍየል ገመድ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ብቻ። ልጅቷ ቡዲንግም የለች፣ ፍየሏም የለች።

«አይ፣ ሳይጨርሱት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «ግድ የለም እማማ፣ በኮምፒውተር የሚስል ጎበዝ ልጅ አለን፤ ፍየሏን ይጨምርበታል። ልጅዎ ሉዲቪና አልጽፍም ካሉ ቃሉንም የሚጽፍ አናጣም።»

ሎላ ማንጎ እየላጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ነው አክስቴ! ማንጎ መላጥ ከጀመሩ ቤቱን ቢጠይቋቸው እንኳ እሺ ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ የተቀመጡበት የሎሎ ወንበር ነው» አልኩት።

«እና?»

«አክስቴ ከቀብር ስትመለስ ዳቦ ቤት አልቆመችም። በቀጥታ እዚህ ክፍል ነው የገባችው።»

ሰውዬው የማኒላ ልብስ ይልበስ እንጂ የኛው አገር ሰው ነው። ከቀብር በቀጥታ ወደ ቤት እንደማይኬድ፣ ሟቹ ዱካችን ጠፍቶት እንዲመለስ አንድ ቦታ ጎራ እንደሚባል እናቱ ነግራዋለች። ከወንበሩ ሲነሳ ብታዪው! ማንጎው በአፉ፣ ጫማው በእጁ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ከአለቃዬ ጋር እመለሳለሁ» ያለን ከግቢው ውጭ ሆኖ ነው። «ሥዕሎቹን ያን ጊዜ እንወስዳለን!»

ሎላ እኔን ተቆጥተው ሲጨርሱ ወደ አንቺ ዞሩ። «ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት ቆሞ ሲመጣ እሷ አባቷን እየመራች ቤት አስገባች። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ማኒላ! ተከትሏት ሄዶ ይሆናል። ያቺ ደግሞ ምግብ አታውቅ፣ ምን ታበላዋለች?» የሞተ ሰው ምን እንደሚበላ ጠየቅኳቸው። ጥሬ ማንጎ በሽሪምፕ ድልህ ነው አሉኝ፣ ሳይስቁ።

እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። በስልክ «ባላለቀ ሥዕል ላይ አልጽፍም» ብለሽ ዘጋሽብን። ሁልጊዜ ሎሎ ቀድመው ይስላሉ፣ አንቺ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ ትጽፊያለሽ። ስትጨቃጨቁ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እሰማችሁ ነበር።

«ጅራቷን ብቻ? አባዬ፣ ልጆቹ ፍየል ማየት ይፈልጋሉ!»

«ፍየል የፈለገ ያንብባ!»

ስምንቱም መጽሐፍ እንደዚያ ነው። ከበሩ ጀርባ ጅራት፣ ከድስቱ ክዳን ሥር ቀንድ፣ የቀረው ቃሉ ውስጥ። ኡንዶይ ማንበብ የቻለው ለዚህ ነው። ወንድሜን ታውቂው የለ፤ አስተማሪው የሰጡትን መጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ እያየ ከራሱ ፈጥሮ ያወራል፣ ገጹንም በሰዓቱ ይገልጣል፣ እማዬም ታጨበጭብለታለች። በሎሎ መጽሐፍ ግን ማታለል አይቻልም። ፍየሏ የት እንደገባች ለማወቅ ሲል ፊደሎቹን እያለቀሰ ለቀማቸው።

ሰውዬው ከሸሸ በኋላ ኡንዶይ ያንን ገጽ አነሳው።

«አትንካው፣ ያላለቀው ነው» አልኩት።

«አልቋል እኮ።»

«ፍየሏስ የታለች?»

«ትነበባለቻ!»

«ምኑ ነው የሚነበበው፣ አንተ ሞኝ? ቃል የለውም።»

«አክስቴ ገና አልጻፈችውማ!» አለ፤ እንደ ሎላ ተቆጣኝ። «ትንሽ ነገር ሲሆን ሎሎ ጅራት ይተዋሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም አልተዉም።»

ከዚያ ወጥቶ ኳሱን መለጋት ጀመረ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቁጭ ማለት አቅቶኛል።

ያንን በር ማየት ለምን እንደከበደሽ አውቃለሁ። እኔም ሳላስበው የሎሎን ጫማ ደጃፉ ላይ ስፈልግ እገኛለሁ። ግን አክስቴ፣ ሌላ ሰው እዚያ ነጭ ቦታ ላይ የምትስቅ ፍየል ቢያስገባ ኡንዶይ አይቷት ያልፋል እንጂ አያነባትም። ሎሎ ከመሞታቸው በፊት ለአንቺ የተዉትን ቦታ ሰዎቹ በኮምፒውተር ደፈኑት ማለት ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን ሰረቅኩት። ነገ ወደ ማኒላ የምትሄደው ነርሷ ጎረቤታችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልላ ታመጣልሻለች። ቅዳሜ ሰውዬውና አለቃው ሲመጡ ገጹን ያጡታል፤ ሎላ ደግሞ እኔን አያጡኝም። ከቅዳሜ በፊት ለአሳታሚዎቹ ደውይላቸውና «ሥዕሉ አልቋል፣ ቃሉን እኔ እጽፋለሁ» በያቸው። ፍየሏ የት እንደሄደች ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የሚያሳዝን ከሆነም ጻፊው። ኡንዶይ ያነበዋል፤ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ።

ጽፈሽ ስትጨርሺ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ከጀልባው ስትወርጂ ዳቦ ቤት እንዳትቆሚ፣ በቀጥታ ወደ ቤት። ሎሎ እውነት ተከትለውሽ ከሆነ ደግሞ እንዳይጠፉብሽ ቀስ እያልሽ ተራመጂ።

በአራተኛው መጽሐፍ ቡዲንግን በእሷ አምሳል ጽፈሽ የፊት ጥርሷን ያወለቅሽባት፣
ሪያሊን