የሁምቦ ሰነድና የቻይና መርፌ

ሰኞ፣ ጥር 19

«ምላስህን አውጣ» አለችኝ። አወጣሁ። የአርባ አንድ ዓመት ሰውዬ፣ የዞን የውሃ መሐንዲስ፣ ወላይታ ሶዶ መነኸሪያ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ምላሱን አውጥቶ ተቀመጠ።

ዶክተር ሂሩት የአረካ ልጅ ናት፤ የመርፌ ሕክምናውን እዚያው ቻይና ሄዳ ነው የተማረችው። የቢሯችን ጸሐፊ ማርታ ወገቧን እዚህ ታክማ ስለተሻላት ላከችኝ። ሆስፒታልማ ሄጄ ነበር። ደምህም ሽንትህም ደህና ነው አሉኝ። እኔ ግን ሥራ አልሆነልኝም። መተኛት እችላለሁ፣ ግድግዳ ማየት እችላለሁ፤ የሁምቦ ወረዳን የውሃ ሰነድ መጻፍ አልቻልኩም። ሁለት ወር አለፈኝ። እስከ ዓርብ ካልገባ ከዘንድሮ ዕቅድ ይወጣል። ጉድጓዱ ተቆፍሮላቸው ፓምፕ የሚጠብቁት ሰዎች ሌላ ዓመት ሊጠብቁ ነው።

ሦስት ጣቶቿን የእጄ አንጓ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እሷ ትርታዬን ታዳምጣለች፣ እኔ ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እቆጥራለሁ። አብሮኝ ይኖር የነበረው ምትኩ ወደ ሐዋሳ ከተዛወረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ለብቻዬ ነው ያለሁት። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው ለባጃጅ ሹፌር ያልኩት «ወራጅ አለ» ብቻ ነው።

በቻይናዎቹ ትምህርት የሚያቅደው ጉበት ነው፣ የሚወስነው ሐሞት ነው አለችኝ። እኛስ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንል የለ? ብዙም አልተራራቅንም። መርፌዎቹን እግሬ ላይ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ እጄና አናቴ ላይ ሰካች። አያምም፤ ከበድ ይላል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሳልንቀሳቀስ ተጋደምኩ። ሳይንቀሳቀሱ መጋደሙንማ ያለ መርፌም እችልበታለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ጥቃቅን ፍሬዎች በፕላስተር ለጠፈችልኝ። ሥራ ልጀምር ስል በጣቴ ልጫናቸው ነው።

«ይሄ ሰነድ ይጽፍልኛል?» አልኳት።

«አይጽፍልህም። ወንበር ላይ ካስቀመጠህ ይበቃኛል።»

ተቀመጥኩ። የዛሬ ሥራዬ፦
ርዕስ ጻፍኩ።
ከርዕሱ ስር አሰመርኩ።
ጠረጴዛ ወለወልኩ።
አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት።

ከሁለት ወሩ ባዶ ገጽ ይሻላል።

አመሻሽ ላይ አከራዬ ወይዘሮ ታደለች በረንዳው ላይ ያዘችኝ።

«ኢንጂነር፣ ጆሮህን ምን ሆነህ ነው?»

«ሕክምና ነው።»

«መርፌም ይወጉሃል አሉ።»

«አዎ፣ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ነው።»

«በየቀኑ!» እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ምን ልበላት? ሥራ አስጠላኝ ይባላል? ጎጃም ያለችው እናቴ ብትሰማ «ስንፍና ነው» ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። «ትንሽ አሞኝ ነው» ብዬ ገባሁ።

ረቡዕ

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ታደለች ከነጸሎት ቡድኗ፤ አምስት ሴቶች። በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ገቡ። ቅቅል ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ከነዳጣው፣ አንድ ጆግ ወተትም ይዘዋል። ወንበሬ አንድ ስለሆነ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

ለካ ከጧት ጀምሮ እየጾሙልኝ ነው። እስክድን ድረስ ቀን ቀን እህል ላይቀምሱ ተስማምተዋል። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ጴንጤ፤ ማንም ስለዚያ ትንፍሽ አላለም።

«ሐኪሟ ምን አለች?» አሉኝ በዕድሜ የሚበልጡት።

«ተስፋ አለው» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ሲጸልዩ እንባዬ መጣ። የባሰብኝ መስሏቸው ድምፃቸውን ጨመሩ። እዚህ ደብተር ላይ መቼም አልዋሽም፦ ደስ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ስድስት ሰው! «ነገም እንመጣለን» ሲሉ እውነቱን በመናገር ፈንታ በሩን ከፍቼ ሸኘኋቸው።

ሰነዱን አልነካሁትም።

ሐሙስ

ኃላፊዬ ጧት ደወለ። ድምፁ ለስልሶ አላወቅኩትም ነበር። «አንተነህ፣ ሰማን እኮ። ለምን ደበቅከን?» ወይዘሮ ታደለች ቤተ ክርስቲያን ለማርታ ነግራታለች፣ ማርታ ቢሮው ውስጥ አልቅሳለች። «አንተ እረፍ። ሁምቦን ለሚቀጥለው ዓመት እናሻግረዋለን።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

ወዲያው እፎይ አልኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቀለለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሁምቦ ስወርድ አንዲት እናት የጀሪካን ጋሪዋን አቁማ «ፓምፑ መቼ ነው?» ብላኝ ነበር። «ከክረምት በፊት» አልኳት። ሙቀቱ ራስ ይበጣል፤ እሷ ግን ሳቀችልኝ፣ አመነችኝ።

ለዶክተር ሂሩት መርፌው እንደተሰካብኝ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋን ያዘች።

«ታመሃልማ» አለች። «እነሱ የሚጾሙልህ በሽታ ግን አይደለም።»

ሴቶቹ እንደገና መጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። አሁንም አልተናገርኩም። ብናገር ነገ ማን ይመጣል?

ዓርብ

ተናገርኩ።

መጀመሪያ ለኃላፊዬ። «ጌታዬ፣ የሚገድል በሽታ የለብኝም። መጻፍ አቅቶኝ ነው።» ድምፁ እንደ ድሮው ሆነ። «ለቀብርህ መዋጮ ልንጀምር ነበር እኮ!» ብዙ ጮኸ፣ ይገባኛል። በመጨረሻ «ሰኞ ጧት ጠረጴዛዬ ላይ ካላየሁት ተሻገረ» አለኝ።

ከዚያ ለወይዘሮ ታደለች። ይሄኛው ይከብዳል። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፣ እጇ ቆመ።

«ካንሰር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ኩላሊትም?»

«አይደለም። ሰነድ መጻፍ አቅቶኝ ነው። የሁምቦ የውሃ ሰነድ።»

ጎመኑን አንስታ ገባች። ከሰዓት ማንም አልመጣም። ቤቱ ጭር አለ፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ከድሮው የባሰ ነው። መርፌውም ቀረ። ጆሮዬን እየተጫንኩ አራት ገጽ ጻፍኩ። አራት!

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መስኮቴ ተንኳኳ። እሷ ናት፣ ፊቷ አልተፈታም።

«የጸሎት እህቶቼን አነጋገርኩ። ጾሙ አልተፈታም።»

«ድኛለሁ እኮ፣ እማማ። አልታመምኩም።»

«እስክትድን ነው ያልነው። ወረቀቱ አላለቀም፤ ታዲያ መች ዳንክ? ቶሎ ጻፍ፣ ርቦናል።»

ቅዳሜ

ከጧት ጀምሮ ጻፍኩ። የአምስት ሴቶች ሆድ በኔ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅም። ወይዘሮ ታደለች በመስኮቱ ሥር ባለፈች ቁጥር ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። የፓምፑን አቅም፣ የቧንቧውን ርዝመት፣ የገንዳውን ቦታ፣ ሁሉንም ጨረስኩ። መርፌው ይሁን ሴቶቹ አላውቅም፤ ዶክተር ሂሩትም ብትሆን የምታውቅ አይመስለኝም።

አሥር ሰዓት ላይ የወይዘሮ ታደለችን በር አንኳኳሁ። «አለቀ» አልኳት። በአጥር ላይ በወላይትኛ ተጣራች፤ የገባኝ ስሜና ሁምቦ የሚለው ብቻ ነው። ሴቶቹ መጡ፣ ቦይናው ቀረበ። የመጀመሪያውን ቆርሳ ለኔ ሰጠችኝ።

«አንተም ከጧት አልበላህም። አይቼሃለሁ።»

እውነቷን ነው። እኔ ራሴ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሊሄዱ ተነሱ። ይሄው ነው አልኩ፣ ድኛለሁ፣ ጥየቃው አበቃ።

«ሰኞ ወረቀቱን አስገብተህ ስትመለስ እንመጣለን» አለችኝ ወይዘሮ ታደለች።

«አሁን ደግሞ የምን ጥየቃ? በሽታ የለብኝም።»

«ብቻውን የሚኖር ሰው አይጠየቅም እንዴ?» አለችና ሳህኖቿን ሰብስባ ወጣች።