ለመጨረሻዋ ኮከብ የተሳልኩት ጃንጥላ

አርብ፣ ጥቅምት 19፣ የካ አባዶ

ዛሬ አገኘኋት! የቪዲዮ ጌሙ የመጨረሻዋ ድብቅ ኮከብ ከፏፏቴው ጀርባ ነበረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዘለልኩ ቁጥር ገደል ስገባ ቆይቼ፣ ትናንት ጨንቆኝ «የእንጦጦ ማርያም፣ ይቺን ኮከብ ካሳየሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ጥፋቴ ጮክ ብዬ መሳሌ ነው። እናቴ ከኩሽና ሰምታኝ ኖሮ፣ ዛሬ ማግኘቴን ስታውቅ እልል ብላ ወጥታ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ገዝታ መጣች።

«እማ፣ ጌም እኮ ነው!»

«ማርያም ጌም አታውቅም፤ ስለት ግን ታውቃለች።»

ከነገ ወዲያ ሃያ አንድ፣ የማርያም ቀን ነው፤ ጃንጥላውን ይዘን እንጦጦ እንወጣለን። ዳገቱስ ይሁን። ቄሱ ማይክ ይዘው «ምን ተደርጎልህ ነው?» ሲሉኝ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ምን ልበል?

ጌሙን ልዘጋ ስል አዲስ በር ተከፈተ፤ ሌላ ሠላሳ ኮከብ አለበት። በመጀመሪያው ዝላይ ገደል ገባሁ። ቶሎ አፌን በእጄ ያዝኩ።