ድልድዩን ወደ ሰማይ አንሥተው ለሄዱት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የድልድዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ የተከበሩ ባለቤትዎንና የቢሮዎን ባልደረቦች በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ ወለል ላይና በጣራ ሥር እንደሚያገኛችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ከወለሉና ከጣራው በቀር ደህና ነን።

ስሜ ኤልሚር ቴሪዮ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በሶል ደሴት ትምህርት ቤት፣ ተማሪ አልቆ እስኪዘጋ ድረስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ከባለቤቴ ከዋሊስና ዘጠና አንድ ዓመት ከሞላቸው እናቱ ከወይዘሮ ዩሊ ጋር፣ ከመሬት ዐሥራ ሁለት ጫማ ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ በቆመ ቤት እንኖራለን። በስም ካላወቁን፣ ከድልድዩ ወዲያ ካሉት ሰዎች መሆናችንን ብቻ ይያዙልኝ። ባለፈው ወር አርብ ዕለት «ቨርና» የሚል የደግ አክስት ስም የተሰጠው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ቢሮዎ ላደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። በየበሩ የተለጠፈው ወረቀት ድልድዩ እስከ አርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ለመኪና ክፍት እንደሆነ ይገልጽ ነበር፤ ማኅተምም ነበረው። እኛ ደግሞ ማኅተም ያለበትን ነገር እናምናለን። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ሐሙስ ጠዋት ወጥተዋል። እኛ ግን የወይዘሮ ዩሊ የልብ መድኃኒት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለሚደርስ እሱን ጠብቀን፣ እስከዚያው ቤታችንን ስናዘጋጅ ዋልን። ክቡርነትዎ የሚኖሩት ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ ቤትን ትቶ ለመሄድ ማዘጋጀትና ውስጡ ለመቆየት ማዘጋጀት ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች ናቸው። ትተውት ለሚሄዱት ቤት ውኃው ከቧንቧው ይንጠፈጠፋል፣ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው ባዶ ይደረጋል፣ መስኮቱ በሙሉ ከውጭ በኮምፔንሳቶ ይመታል። ይህን ሁሉ አደረግን። ጄኔሬተራችንን የዋሊስ የአክስት ልጅ ጭኖት ወደ ሰሜን ሄደ፤ እዚያው እናገኘዋለን ብለን ነው። ሻማውን፣ ራዲዮኑን፣ የታሸገውን ምግብ ሁሉ አብረን ሰጠነው። ቤቱን እንደዚያ አራቁቼ ስጨርስ በሥራዬ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅዎትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ድልድዩ ራሱ። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማለትም ማስታወቂያዎ ከፈቀደልን ጊዜ ገና ሦስት ሰዓት ሲቀረን፣ ወይዘሮ ዩሊን መካከላችን አስቀምጠን በፒክአፓችን ድልድዩ ጋ ደረስን። ጀልባ እንዲያልፍ በኤሌክትሪክ ወደ ላይ የሚነሣው ድልድይ ተነሥቶ ነበር። አስፋልቱ ከመካከለኛው ቢጫ መስመር ጋር እንደ ግድግዳ ፊታችን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከማዕበሉ የሚሸሹ ጀልባዎች እያለፉ ስለነበር ተራችንን በትዕግሥት ጠበቅን። የመጨረሻዋ፣ ድልድዩ ለእሷ ሲባል ሃያ ደቂቃ እንዲጠብቅ የታዘዘላት፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነጭ የሽርሽር ጀልባ ነበረች። የማን እንደሆነች ደሴቱ በሙሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ስሙን አልጽፍም። በሰላም መግባቷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እሷ አልፋ ሞገዷ ገና ከዳር ዳር ሲላጋ መብራት ተቆረጠ፣ ድልድዩም እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ስለ መዘውሩ። የድልድዩ ሠራተኛ አቶ ክሎቪስ ጎጆው ከወዲያኛው ዳር ስለሆነ በስልክ ተነጋገርን፤ እኔም እንድሰማ ዋሊስ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ዋሊስ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የምናዞርበት መዘውር አለ፤ ግን እኔ ጋ አይደለም» አለ ክሎቪስ። «ቢሮ ነው ያለው። ቢሮው ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ትናንት ሄዷል።»

«ታዲያ ስበርና ግባ» አለው ዋሊስ።

«አርባ ማይል እኮ ነው ወንድሜ። መንገዱ ደግሞ በውኃ ተቆርጧል አሉኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ውድ የመንግሥት ንብረት እንዳይሰረቅ ከሚሠራበት ቦታ አርባ ማይል አርቆ መቆለፍ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ የወጥ ማማሰያውን ሌላ ከተማ የማስቀመጥ ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። አቶ ክሎቪስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያልደወለበት ቢሮ አልነበረም። በመጨረሻ ቦታውን ለቆ እንዲሄድ ታዘዘ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ሳይነሣ ብዙ ቆየ፤ ከዚህ ማዶ እናየው ነበር። እሱን እንዳይቀጡት በትሕትና እለምናለሁ። የሚቀጣ ሰው የግድ ካስፈለገ ቁልፉን ይዞ የሄደው አለ።

አራተኛ፣ ስለ ስልክ አገልግሎትዎ። በዚህ መካከል ወደ ቢሮዎ ስደውል ቆይቼ በሰባተኛው ሙከራ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣችልኝ። ስንት እንደሆንን፣ ዕድሜያችንን፣ የቤታችንን ቁመት ጠየቀችኝ። ነፋሱ ስለበረታ ሄሊኮፕተር እንደማይነሣ ነገረችኝ።

«ሚስ ኤልሚር፣ የማይለቅ ማርከር አለዎት?» አለችኝ። «ስማችሁንና የተወለዳችሁበትን ቀን ክንዳችሁ ላይ ጻፉ። በትልቁ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«በኋላ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት እንዲቀል ነው» አለች።

የፒክአፑን በር ይዤ ቆምኩ። ዋሊስ ምን አሉሽ ሲለኝ ወደ ቤት ተመለሱ አሉን አልኩት።

አምስተኛ፣ ያራቆትኩትን ቤት በአራት ሰዓት ውስጥ መልሼ እንዳለብስ ስለሰጡኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ነፋሱ የዋሊስን መሰላል ሁለት ጊዜ ስለጣለው ከኮምፔንሳቶዎቹ አንዱን ብቻ፣ በኋላ ብንወጣ እንድንወጣበት የኋላውን፣ መንቀል ቻለ። እኔ ያንጠፈጠፍኩትን ውኃ ፍለጋ ገባሁ። በውኃ ማጠራቀሚያው ጋን ሥር የቀረውን በድስት፣ በባልዲ፣ በአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ቀዳሁ፤ ለገላ መታጠቢያው ገንዳ የተረፈው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። የምንበላው ከመደርደሪያ ጀርባ የወደቀ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ባቄላና መኪና ውስጥ የነበረ ግማሽ ዳቦ ነበር። ያንኑ ባልዲ እያነሣሁ እዚያው መልሼ አስቀምጠው ነበር። ዋሊስ መጥረቢያውን ከኮርኒሱ በላይ ሲያወጣ አየሁት፤ ውኃው እስከዚያ ከደረሰ ጣራውን ከውስጥ ቀድደን እንድንወጣ ነው።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን አቶ ሎክ በዝናቡ ውስጥ ገመድ ተሸክሞ መጣ። አቶ ሎክ ሽሪምፕ አጥማጅ ነው፤ የጀልባው ሞተር ለጥገና ስለወረደ በድልድዩ ሥር ሊያልፍ አልቻለም፣ የሚኖርባትም በጎማ የምትጎተት ቤት ናት። ገመዱን ጥሎ ወጥ ቤቴ መካከል ቆመና ወለሉን በእግሩ እየመታ አዳመጠ።

«ሚስ ኤልሚር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወለሉን መብሳት አለብን» አለኝ። «ውኃው ከሥር ሲገፋው ቤቱ ከምሰሶው ተነሥቶ እንደ ጀልባ ይሄዳል። ራሳችን ካስገባነው ግን ክብደት ይሆነዋል።»

ያን ወለል ሠላሳ አንድ ዓመት ወልውዬዋለሁ። ዋሊስ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በእጅ የሚዞረውን መብሻ፣ ትራፓኖውን፣ ራሴ አመጣሁለት። ዐሥራ አራት ቀዳዳ በሱ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ነፋሱ ከሥር እያፏጨ ይገባ ጀመር። የማዕበሉን ውኃ በገዛ እጃችን በር ከፍተን እንደጠራነው ተሰማኝና ወደ ጓዳ ገብቼ አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስኩ፤ ወይዘሮ ዩሊ እንዳይሰሙኝ ነው።

ከዚያ ማርከሩን ፈልጌ ወደ እሳቸው ሄድኩ። የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጅጌያቸውን ሰብስቤ መጻፍ ስጀምር ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት ነው፣ እንዳልረሳው፣ አልኳቸው። ክንዳቸው ስስ ሆኖ ቆዳው ከማርከሩ ጋር አብሮ ይሳብ ነበር።

«አጥርተሽ ጻፊው እንጂ ልጄ» አሉኝ። «የአንቺን ጽሑፍ እኔ ስንት ዓመት አንብቤው አላውቅ፣ እነሱ እንዴት ያነቡታል?»

እንደገና፣ በትልልቁ ጻፍኩት። ስጨርስ ማርከሩን ከእጄ ወስደው «በይ ያንቺን ስጪኝ» አሉ። ክንዴ ላይ ስሜን ጻፉልኝ፤ የተወለድኩበትን ቀን ሳይጠይቁኝ ያውቁት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውንም በቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ውኃው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ከመሬት የመጣ አልመሰለኝም፤ ወጥ ቤት ስገባ ከዐሥራ አራቱም ቀዳዳ እንደ ትንንሽ ምንጭ እየፈለቀ አገኘሁት። ወይዘሮ ዩሊን ከነወንበራቸው ዋሊስ ከላይ እየሳበ፣ አቶ ሎክ ከሥር እየገፋ ከኮርኒሱ በላይ አወጣናቸው። ድቅድቅ ጨለማ ነበር። አራታችን ወገባችንን በአንድ ገመድ ታስረን ተቀመጥን። አቶ ሎክ በአገሩ ቋንቋ ይጸልያል፣ ወይዘሮ ዩሊ በፈረንሳይኛ ይጸልያሉ፤ እኔ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ቤቱ እንደሚያምጥ ከብት ያቃስት ነበር። አንድ ጊዜ መላው ቤት ከሥራችን ወደ ጎን ሲንሸራተት ተሰማኝ። ዋሊስ እጄን የጨበጠበት ቦታ ሳምንት ሙሉ ጥቁር ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ቤቱን አንድ ነገር ያዘውና ቆመ። ከጣራው ጥግ ቆርቆሮው ተገንጥሎ ሲሄድ ዝናቡ ላያችን ላይ ገባ፤ በዚያ በኩል ብርሃን ስለገባ የሁሉንም ፊት አየሁ። ምነው ባላየሁት ኖሮ።

ሊመሽ ሲል ነፋሱ ረገበ። ውኃው ወጥ ቤቴ ውስጥ ከምድጃው በላይ ደርሶ ቆሞ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የወታደሮች ጀልባ መጥታ በኋላው መስኮት አወጣችን። ቤቱ ሁለት ክንድ ያህል ሄዷል፤ ግን አለ። ከእኛ ዝቅ ብለው የነበሩት ሦስት ባዶ ቤቶች የት እንደደረሱ አላወቅንም። የአቶ ሎክ ጀልባ እስካሁን አልተገኘችም። ወይዘሮ ዩሊ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው፣ አሁን ከእኛ ጋር በዋሊስ የአክስት ልጅ ቤት ናቸው። ወደ ደሴቱ እንደማይመለሱ በግልጽ ነግረውናል፤ ሰማንያ ዓመት የኖሩበትን ቦታ እንዲህ ባጭሩ ተሰናበቱት።

ድልድዩ በዘጠነኛው ቀን ሲወርድ ክቡርነትዎ ከፊቱ ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ በጋዜጣ አይቼዋለሁ። ፈገግታዎ ያምራል። እኔ ገንዘብም ሆነ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። መዘውሩ አቶ ክሎቪስ ጎጆ ውስጥ፣ ምስማር ላይ ይሰቀል፤ ይህን ብቻ ነው የምጠይቅዎት። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሊያበቃ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ከባሕሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ እየተነሣ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት በራዲዮ ሰምቼ ቁርሴን መጨረስ አቅቶኛል። ዋሊስ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አይናገርም። ግን ማንኛውም ድልድይ ጋ ስንደርስ፣ ትንሽ የቦይ መሻገሪያም ቢሆን፣ መኪናውን ያቆምና ወርዶ እስከ መካከሉ በእግሩ ይሄዳል፤ በጫማው ረግጦ አይቶት ይመለሳል። ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ ያሰማሉ። እኔ እጠብቀዋለሁ።

ለረዥም ዕድሜዎ፣ ለማያቋርጥ ሹመትዎና ለነጯ ጀልባ ደህንነት እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ምንጊዜም ከድልድዩ ማዶ ያለችው አገልጋይዎ፣
ኤልሚር ቴሪዮ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ «የመልቀቂያ ትእዛዝ ያላከበሩ ነዋሪዎች መጠይቅ» ብሎ የላከልን ቅጽ ትናንት ደርሶኛል። ለምን እንዳልወጣን ምክንያታችንን እንድንመርጥ ሦስት ሳጥኖች ቀርበውልናል፤ «ትእዛዙን አልሰማሁም»፣ «ለመውጣት ፈቃደኛ አልነበርኩም»፣ «የቤት እንስሳ ነበረኝ» ይላሉ። የሚስማማኝን ስላጣሁ አራተኛ ሳጥን በእጄ ሥዬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ከጎኑ የሚጻፈውን ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ወይዘሮ ዩሊ እንዳሉት ጽሑፌ ስለማይነበብ፣ ክቡርነትዎ በራስዎ እጅ ቢሞሉት ይሻላል።