ሳይታመስ የማይቀር ካርታ፦ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ገብረሃና የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከአባታቸው ከአቶ ገብረሃና ወልደ ተንሣኤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ በ1928 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው አዲስ አበባ በልብስ ስፌት ሠርተዋል። በ1957 ዓ.ም. አቶ ሀብተሚካኤልን አግብተው አንድ ልጃቸውን ዓባይነህን ወለዱ። ባለቤታቸው በሕመም ሲለዩአቸው ልጁን ለእህታቸው ለወይዘሮ የሻረግ አደራ ሰጥተው በ1967 ዓ.ም. ሮም መጡ።

የተቀጠሩት ቀድሞ የካዚኖ አጫዋች በነበሩት በሲኞራ ኤልቪራ ቤት ነበር። ሲኞራዋ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ብላክጃክ የተባለውን የካርታ ቁማር በገንዘብ ያጫውታሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የካዚኖውን አበዋወዝ ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል አስተማሯቸው፤ ካርታው ተደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ በመዳፍ ይታመሳል፣ ተሰብስቦ ይበወዛል፣ በመጨረሻም ከተጫዋቾች አንዱ ለሁለት ከፍሎ፣ የላዩን ከታች አድርጎ ይቆርጠዋል። የማኅበር ጓደኞቻቸው «ቁማርተኛዋ መጣች» ሲሉ ስቀው ያልፉ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ዓባይነህ ለብሔራዊ ውትድርና ሊደርስ ወራት ቀሩት። ከዚያ በፊት ወደ እናቱ የሚመጣው በሲኞራዋ ዋስትና ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ሲኞራዋ አሸናፊዎቹ ለራሳቸው እንዲደርሱ አድርገው የደረደሯቸውን ካርታዎች አቀበሏቸውና፣ «እንግዲህ ዘርፌ፣ የበወዝሽ ምሰዪ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንዳትነኪ። የሚቆርጠው ሰው የእኔ ነው። የልጅሽም ወረቀት እኔ እጅ ነው» አሏቸው።

ተጫዋቾቹ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ካርታውን ያዙ። ሁሉም ጣቶቻቸውን ያያል፤ ሲኞራዋ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ልጃቸው ፊታቸው ላይ መጥቶ ተደቀነባቸው። በመጨረሻ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና በሁለት መዳፋቸው አመሱት።

በማግስቱ ከሥራ ተባረሩ፤ ዋስትናውም ቀረ። ዓባይነህ ዘመተ፣ ድምፁም ጠፋ። ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር ተከራይተው ሰው ቤት እያጸዱ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጡ ኖሩ። ምነው ያን ቀን እሺ ባሉ ያልን ዘመዶች ነበርን፤ እሳቸውም ይህን ሳያስቡ የዋሉበት ቀን የነበረ አይመስለንም።

በ1980 ዓ.ም. ዓባይነህ ቀኝ እጁን በጦር ሜዳ አጥቶ ለሕክምና ሮም መጣ። እናቱ የሆነውን ሳይደብቁ ነገሩት። አልተቆጣም፤ ግን ምንም አልመለሰም። ያ ዝምታ ከናፍቆቱ ይልቅ ጎዳቸው። በቤታቸውም ካርታ የሚባል ነገር አልተነሣም።

ባደረባቸው ሕመም ሆስፒታል ከገቡ በኋላ፣ ዓባይነህ አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ካርታ ይዞ መጣ። አልጋቸው አጠገብ ባለችው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ዘረጋውና በቀረችው አንድ መዳፉ ረጋ ብሎ አመሰው። ሰብስቦም አቀረበላቸው።

«እማዬ፣ ቁረጪ» አላቸው።

እያለቀሱ ቆረጡ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ዓባይነህ፣ እህታቸው ወይዘሮ የሻረግ እና የእህታቸው ልጅ ዘመናይ በሐዘን ላይ ናቸው።

እውነትን ለልጃቸው ሲሉ እንኳ ያልሸጡትን እናታችንን እግዚአብሔር በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። እሳቸው የቆረጡት ካርታ እንደተቆረጠ በዓባይነህ ኪስ ውስጥ ነው።