አባትሽን ስትሮክ የመታው ዕለት

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ የደከምሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የምነግርሽ አልፏልና እንዳትደነግጪ።

ባለፈው ወር አባትሽ ሱቁ ውስጥ ሱሪ ሲቆርጥ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ቀና ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ንግግሩም ተኮላተፈ። እኔ ሞኟ "ደክሞህ ነው፣ ጋደም በል" አልኩት። ጎረቤታችን ነርሷ ድምፄን ሰምታ እየሮጠች ገባች።

"እትዬ፣ ስትሮክ ነው የሚመስለው፤ ጋሼ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ! ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?" ብላ አምቡላንስ ጠራች።

አምቡላንሱ ጤና ጣቢያ ሳይቆም በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል አደረሰን። ስትሮክ የመታው ሰው በቀጥታ ወደዚያ እንዲወሰድ የአካባቢያችን ሐኪም ቤቶች ዘንድሮ ተስማምተዋል አሉ። የአምቡላንሱ ሰዎች ቀድመው ስለደወሉ ሐኪሞቹ በር ላይ ጠበቁን፤ ጭንቅላቱን በማሽን አይተው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጡት። አክስትሽን ስትሮክ በመታት ጊዜ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስንንከራተት ነበር ቀኑ የመሸብን።

አሁን ይራመዳል። "ሾርባው ጨው የለውም" እያለ ሲነጫነጭ ደስ ይለኛል። አንቺም ግፊትሽን ተለኪ፣ አደራ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃን። ስትደውዪለት ግን አትቸኩዪ፤ ቃል ሲጠፋው ቀድመሽ አትሙዪለት። ትናንት ስምሽን ሲፈልግ ቆይቶ ቆይቶ ወጣለት። ራሱ ሲጠራሽ እንድትሰሚው ነው።

እናትሽ