የባለበቅሎዎቹ ተደራዳሪ የአቶ ምሥጋናው ፀጋው የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ምሥጋናው ፀጋው ከአባታቸው ከአቶ ፀጋው ብሩና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸጊቱ ደምሌ በመስከረም ወር 1951 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ ተወለዱ። እዚያው ዳባት እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢማሩም ቁጭ ብሎ መዋል ስላልሆነላቸው በ1969 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መጥተው በበቅሎ የመጫን ሥራ ጀመሩ። በ1978 ዓ.ም. ከእናታችን ከወ/ሮ ሰብሌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራዩት ሰዎች በ1994 ዓ.ም. ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ተደራዳሪ አድርገው አባታችንን መረጧቸው። እንግዶቹን የሚያመጡት አስጎብኚዎች ኪራይ ይቀነስልን ሲሉ፣ አባታችን በምትኩ ምንም ሳይጠይቁ ቀነሱላቸው። እነርሱም የበቅሎውን ቁጥር አሳንሰው የእያንዳንዱን ጭነት አበዙ። በዓመቱ ጥቅምት፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ከቡይት ራስ በላይ ባለው የተራራ መንገድ አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ተንሸራታ የባልንጀራቸውን የአቶ መልከ ጼዴቅን እግር ሰበረች። አባታችን ከዚያ ወዲህ ረግተው ሲቀመጡ አላየናቸውም፤ ከማዕድም ሳይጨርሱ ይነሡ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አስጎብኚዎቹ እንደገና ቅናሽ ጠየቁ። አባታችንም «በአንድ በቅሎ ላይ የሚጫነውን ከቀነሳችሁና ሥራ ላይ የሚጎዳውን ሰው ካሳከማችሁ እንቀንሳለን» አሏቸው። ጭነት መቀነሱን ተቀብለው ሕክምናውን እንቢ ሲሉ፣ «እንግዲያው ቅናሹም የለም» ብለው ወጡ። በቅሎዎቹ አምስት ቀን ያለ ሥራ ቆሙ። አባላቱ ቤታችን እየመጡ ሲያጉረመርሙ እርሳቸው ከገበያ እስከ መናኸሪያ ሲመላለሱ ይውሉ ነበር፤ ተሳስቼ ይሆን የሚለውን ፍርሃታቸውን የሚያውቁት እናታችን ብቻ ነበሩ። በስድስተኛው ቀን አስጎብኚዎቹ ሁለቱንም ተቀብለው ፈረሙ። ይህን ጊዜ አንዳንድ አባላት «አሁንማ ለምን እንቀንሳለን?» ቢሉም፣ አባታችን «ካደረጋችሁ እናደርጋለን ብለናል» ብለው ኪራዩን አስቀነሱ።

ባለፈው ጥር የጉበት ሕመማቸው ሲጠና ጎንደር ሄዶ መታከምን እንቢ አሉ። ኋላ ግን «ተስፋ የለውም ከተባለ በዚያው ቀን ወደ ቤቴ የምትመልሱኝ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉን፤ ተስማማን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሞቹ ቁርጡን ነገሩን። ትንሽ ቢቆዩልን ብለን አባታችንን ለምነናቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ቃላችንን አስታወሱን። በዚያው ቀን ይዘናቸው ተመለስን። ደባርቅ ስንደርስ ራሳቸው ከመኪናው ለመውረድ ታገሉ። የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ የእናታችንን እጅ ይዘው በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን።