በቫይታሚን ዕቃ ውስጥ

ሰኞ፣ ከካዛንቺስ መልስ

የክሊኒኩ ወረፋ ያው ነው። ዶ/ሩ ደህና ሰው ይመስላል፣ ግን በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ያዋክበዋል። የልጄን እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርት እኔን ጠየቀኝ። ሊያን ራሷን አንዴ ብቻ፣ ምን ይሰማሻል አላት። እኔ ቀድሜ መለስኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው እኮ፣ አፍ አላት። የድብርት መድኃኒት ጻፈ። ቶሎ አይሠራም፣ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ስለ መሞት ካነሳች ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ አለ። በቃ፣ ቀጣዩ ተጠራ።

ታክሲ ውስጥ የምን መድኃኒት ነው ስትለኝ ቫይታሚን አልኳት። ምን ልበል ታዲያ? ላንቻ ነው ያለነው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጄ እብድ ትባል? ቤት ስገባ ኪኒኑን ከፓኬቱ እየፈለቀቅኩ ባዶ የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ጨመርኩት።

ዓርብ

ትውጣለች። ለውጥ የለም። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ጓደኞቿ ከተበተኑ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም። መጋረጃዋ እንደተዘጋ ይውላል። እህቴ አልማዝ መጥታ ዕቃውን አየች፣ ጎበዝ፣ ቫይታሚን ጥሩ ነው አለች። አዎ አልኳት። ደብተሬ፣ አንተን ብቻ ነው የማልዋሸው።

እሑድ፣ ከሰዓት

የአልማዝ ትንሿ ልጅ፣ ቤቲ፣ ትናንት እኛ ጋ ውላ ሄዳ ስታስመልስ አደረች። ሊያ ናት ከዕቃው አውጥታ የሰጠቻት። ምግብ እምቢ ስለምትል ቫይታሚን ይጠቅማታል ብላ አዝናላት። ከስንት ወር በኋላ ልጄ ለሰው ያሰበችው ይህን ነበር። ክሊኒክ ወስደዋት ምን እንደዋጠች ጠየቁኝ። በስልክ የመድኃኒቱን ስም፣ የምን እንደሆነም ተናገርኩ። ዞር ስል ሊያ ከኋላዬ ቆማለች።

ቤቲ ደህና ናት፣ ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ሲመሽ

ሊያ ከትናንት ጀምሮ ኪኒኑን አልዋጠችም። ቤቲን ልገድላት ነበር እያለች ታለቅሳለች። ጥፋቱ የኔ ነው ብላት አትሰማኝም። ፈራሁ። ዶ/ሩ ጋ ደወልኩ፣ ነገ ጠዋት ሳትሰለፉ ግቡ አለ።

ቅድም ክፍሏን ከፍታ ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ዶ/ሩ ምን ይሰማሻል ሲለኝ ለምን አንቺ መለስሽ አለች። ተመልሳ ገባች።

ነገ እሷ ብቻዋን ትገባለች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ቢዘገዩም በሩን አላንኳኳም። ስትወጣ ምን አልሽው ብዬ አልጠይቃትም። እሷ ራሷ ከነገረችኝ ግን ሳላቋርጥ እሰማታለሁ።